የስምንተኛው ሺ ጥያቄ

በደባርቅ ገበያ የገብስ ዋጋ ሲንር፣ በዳባት ዝናቡ ወቅቱን ስቶ ሲቀር፣ ልጅ ለአባቱ ቃል ሲመልስ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ጠመንጃ ሲያነሣ ትልልቆቹ ሰዎች የሚሉት አንድ ነው፤ «ስምንተኛው ሺ ነዋ!» ማብራሪያ አይጨመርበትም። ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ አባባል ግን ከሒሳብ የተወለደ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። 2018 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ሰባተኛው ሺ የሞላው እንግዲህ በ1500 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዓመት ገደማ። የፈራነው ስምንተኛው ሺ ገና የሚመጣ አይደለም፤ ከገባንበት 518 ዓመት ሆኖናል።

«ታዲያ ፍጻሜው የታል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ዛሬ በእነዚህ ከተሞች አይጠፋም። ደባርቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች፤ አያቱ በኀዘን የሚጠሩትን ቁጥር የልጅ ልጁ ደምሮና ቀንሶ ይመረምረዋል። ጥያቄውን ሲያነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አፍህን ያዝ፣ ዘባች አትሁን» የሚል ነው። ዘባች የሚለው ቃል ከሐዋርያው ጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክት የመጣ ነው፤ በመጨረሻው ዘመን የጌታን መምጣት እያላገጡ የሚጠይቁ ሰዎች እንደሚነሡ ሐዋርያው አስጠንቅቋል። ይሁን እንጂ የጠየቀ ሁሉ ዘባች አይደለም። የክርስትናው ትምህርት በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ጥርጣሬ ያውቃል። አንዱ ተስፋውን መካድ ነው፤ የተከለከለ ነው። ሌላው ቀን ቆርጦ የሚያውጅን ሰው አለማመን ነው፤ ይህ የታዘዘ ነው። የታዘዘውን ጥርጣሬ ባለማስተማራችን የተከለከለውን እንዳበዛነው አምናለሁ። በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሆነውን ስመለከት ይህ እምነቴ ይጠነክራል።

ከጴጥሮስ እንጀምር። ዘባቾቹ የሚያቀርቡት ክርክር ቂል አይደለም፤ አባቶች ከሞቱ ጀምሮ ዓለም እንደነበረች አለች ነው የሚሉት። ሐዋርያው ሲመልስላቸው ቀን አይቆርጥም፤ «ትንሽ ታገሡ፣ በዚህ ዓመት ታያላችሁ» አይልም። በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፣ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን መሆኑን ያስታውሳል፤ የዘገየ የሚመስለውም ሰው ሁሉ ለንስሐ እንዲደርስ ስለሚታገሥ ነው ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር አለ። ስድስቱን የፍጥረት ቀናት በስድስት ሺህ ዓመት፣ የሰንበቷን ዕለት በሰባተኛው ሺ እየመነዘሩ የዓለምን ዕድሜ የቆጠሩ ሰዎች ከዳዊት መዝሙር ጋር የተደገፉት በዚሁ የጴጥሮስ ቃል ነው። ሐዋርያው ግን ቃሉን የጻፈው የሰው መስፈሪያ በእግዚአብሔር ጊዜ ላይ እንደማይሠራ ለማሳየት ነበር። መስፈሪያውን የሰበረው ቃል ራሱ መስፈሪያ ተደረገ። ስምንተኛው ሺ ያለ ፍጻሜ ሲገባ የከሸፈው የቆጣሪዎቹ ግምት ነው፤ የሐዋርያው ትምህርት ግን እንደቆመ ነው።

የእኛው ባሕረ ሐሳብም ይህን ይመሰክራል። በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣበት ስሌት በ532 ዓመት አንድ ጊዜ ዞሮ ራሱን የሚደግም ዐቢይ ቀመር አለው። 7000ን በ532 ስናካፍል 13 ጊዜ ደርሶ 84 ይተርፋል። በቀመሩ ዐይን ስናየው ብዙ የተፈራው ዓመት ከዐሥራ አራተኛው ዙር ሰማንያ አራተኛው ዓመት ነበር፤ ከሰማንያ ሦስተኛውም ከሰማንያ አምስተኛውም በምንም አይለይም። 7518 ደግሞ የዐሥራ አምስተኛው ዙር ሰባኛ ዓመት ነው። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን ዓመተ ዓለሙን የሚያውጁልን ሊቃውንት በእጃቸው የያዙት ስሌት መጨረሻ የለውም፤ ስለ ፍጻሜው ቀን አንዳች አይናገርም።

ሩስያ ውስጥ የሆነው ከዚህ ይለያል። በቁስጥንጥንያ አቆጣጠር ሰባተኛው ሺ የሞላው እ.ኤ.አ. በ1492 ሲሆን፣ የሩስያ ቤተ ክርስቲያን የፋሲካ ሰንጠረዥ ከዚያ ዓመት አያልፍም ነበር። ዓመቱ መጥቶ አለፈ፤ ፋሲካም እንደገና ተሰልቶ ወጣ። ያኔ በኖቭጎሮድና በሞስኮ የነበሩ ተቃዋሚዎች የአባቶች ጽሑፍ ሐሰት ሆነ ብለው ተነሡ። የቮሎኮላምስኩ አበምኔት ዮሴፍ ለእነሱ መልስ ለመስጠት ረጅም ምዕራፎች ጻፈ። ምእመኑን ለጥርጣሬ ያጋለጠው ተቃዋሚው ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ በዓመቱ ላይ ያለ መጠን የተመካው ሰባኪም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ ተራሮቹን አልፎ ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ለራሳቸው ንግሥ እንዳሰናዷትም በአገሩ ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ውጊያ ድል አደረጋቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ ዘውድ ጫነ። ለስመ መንግሥቱ የመረጠውም ቴዎድሮስ የሚለውን ነው።

ይህ ስም በዚያ ዘመን ተራ ስም አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ በመጨረሻው ዘመን መከራና ክፋት ከበዛ በኋላ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። በዘመነ መሳፍንት ደም ሲፈስ የኖረው ሕዝብ ይህን ንጉሥ ይጠብቅ ነበር። ካሣ በስሙ ሲጠራ የዘመን መጨረሻን ተስፋ በራሱ ላይ ጫነ፤ የሰሜን ተራራም ምስክር ሆነ። ያየው ሰው ማመኑ አይገርመኝም። መሳፍንቱ ተሸንፈዋል፣ አንድ መንግሥት ቆሟል፣ ስሙም ተገጣጥሟል።

ከዚያ 13 ዓመት አለፈ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። በመካከሉ ጎንደር በገዛ ንጉሡ ተዘርፋና ተቃጥላ ነበር፤ ዘውዱን የጫኑት አቡነ ሰላማም በመቅደላ ታስረው ዐርፈው ነበር። የንጉሡን ታላቅነት የሚክድ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም አልክድም። የትንቢቱ የሰላም ዘመን ግን አልመጣም። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ የአገሬው ሰው ሃይማኖቱን አልተወም፣ «ገና ሌላ ቴዎድሮስ ይመጣል» እያለ መጠበቁን ቀጠለ። ይህ ጽናት ይከበራል። ግን አንድ ትምህርት ሳይወሰድ ቀረ። ትንቢትን ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ዙፋን ጋር ማሰር አደገኛ መሆኑን በደረስጌ ጉልላት ሥር ቆሞ የሚያስተምር ሰው እስከ ዛሬ ያስፈልገናል። በየዘመኑ የተነሡ መሪዎቻችንን «የተጠበቀው እሱ ነው» ስንል ከርመን ስንት ጊዜ አፍረናል?

በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በ1854 ዓ.ም. ገደማ፣ ከክርስቲያኑ ጎረቤት የነበሩት ቤተ እስራኤልም የራሳቸውን ፍጻሜ ለመቀበል ተነሥተው ነበር። በሰሜን፣ በወገራና በደንቢያ የኖሩት እነዚህ ሰዎች በሚሲዮናውያን ስብከት ተጨንቀው ሳለ አባ ማሐሪ የተባሉ መነኩሴ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲወጡ መሩአቸው። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ቤታቸውንና ማሳቸውን ጥለው ወጡ። ባሕሩ ጋ አልደረሱም፤ ትግራይ ላይ ረኃብና በሽታ ብዙውን ፈጀው፣ የተረፉትም ተመለሱ። የክርስትና ታሪክ አይደለም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። አንድ ዓይነት አፈር የሚያርሱ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ትውልድ ውስጥ ያንኑ ስሕተት ሠርተዋል፤ የእነሱ ዋጋ ግን እጅግ ከብዶ ነበር።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ሲወረድ የሚገኘው የሊማሊሞ ቁልቁለት ሌላ ታሪክ ያስታውሰኛል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ሲሄድ በየካቲት 1762 ዓ.ም. የወጣው በዚህ አቀበት ነው። ሲመለስ ይዟቸው ከሄደው መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩበት። ሙሉው ሄኖክ በዓለም ላይ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን ያገኙት በእነዚያ ቅጂዎች ሲሆን፣ ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ስለ መጨረሻው ፍርድ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ይህ መጽሐፍ የተጠራጣሪዎችንም ድምፅ ይዟል። ኃጢአተኞቹ ጻድቃንም እንደ እኛው ሞቱ፣ ከሥራቸው ምን ተጠቀሙ ብለው ይከራከራሉ። መጽሐፉ ጥያቄውን አልፋቀውም፤ አስቀምጦ መለሰለት።

ሄኖክን በስም የሚጠቅሰው የይሁዳ መልእክት ደግሞ ስለ ዘባቾች ከተናገረ በኋላ ስለሚጠራጠሩ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚገባ ይመክራል። በዚህ ቁጥር የጥንት የእጅ ጽሑፎች ይለያያሉ፤ በአንዱ ወገን እንዲራሩላቸው፣ በሌላው ወገን እንዲወቅሷቸው ተጽፏል። የአማርኛ ትርጉሞቻችንም በዚሁ ተለያይተዋል። እኛ ተግሣጹን ይዘን ርኅራኄውን የረሳን ይመስለኛል።

ርኅራኄ የሚሻ ጥርጣሬ አለና። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ ከምፅዋ የተነሣው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ሲፈጅ፣ በዚያው ዘመንም ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የዓለም መጨረሻ ደረሰ ያለውን ሰው ማን ይወቅሰዋል? በነሐሴ 2013 መጨረሻ በዳባት አጠገብ ባለችው ጭና ሲቪሎች በገዛ ቀያቸው ተገድለዋል። ሬሳ ቀብሮ የተመለሰ ገበሬ «ጌታ ሆይ፣ የት አለህ?» ቢል ይህን ከዘባቾቹ ሳቅ ጋር አንድ ላይ መቁጠር በደል ነው። በራእየ ዮሐንስ ከመሠዊያው በታች ያሉት የሰማዕታት ነፍሳት ራሳቸው እስከ መቼ ብለው ይጮኻሉ። የተሰጣቸው ነጭ ልብስና ጥቂት ዕረፍት እንጂ ቁጣ አይደለም።

ከባዱን ቁጥር ልለፈው አልፈልግም። በማቴዎስ 24 ጌታ ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ይህ ትውልድ እንደማያልፍ ተናግሯል። ጀርመናዊው አልበርት ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፉ ኢየሱስ ፍጻሜውን በቅርቡ ጠብቆ ነበር፣ ሳይሆንም ቀረ ብሎ ይህን ዓይነት ንባብ ተመርኩዞ ተከራከረ። የኛ ሊቃውንት ጥያቄውን ያዩበት መንገድ ሌላ ነው። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ስለ ቤተ መቅደሱም ስለ ዓለም ፍጻሜም ስለነበር መልሱም ሁለቱን ይዟል፤ ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 በሮማዊው ቲቶ እጅ ፈርሷል፣ ያን ያየ ትውልድም ነበር። ከደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጎንደር የጎለመሰው የአንድምታ ትርጓሜ እዚህ ላይ ትልቅ ጥበብ አለው። «አንድም» እያለ የቃሉን ፊቶች የሚዘረጋ መምህር ትንቢትን በአንድ ዓመትና በአንድ ሰው ላይ ሊቸነክር አይቸኩልም።

በዚያው ምዕራፍ ያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም የሚለው ቃልም ብዙ አከራክሯል። አርዮሳውያን ወልድን ለማሳነስ ተጠቀሙበት። ቅዱስ አትናቴዎስ ቃሉ ስለ ሥጋው ወገን የተነገረ መሆኑን አስረድቶ፣ ቀኑ የተሰወረብንም ለጥቅማችን ነው ብሎ መለሰ፤ ቀኑን ብናውቅ መካከሉን ሁሉ ቸል እንል ነበርና። ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ዳግም ምጽአት በምታስብበት በዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ የሚቀደሰው የእሱ የአትናቴዎስ ቅዳሴ ነው።

ቀኑን አውቃለሁ ያለ ሰው የሚያደርሰውን ጥፋት ጎረቤቶቻችን አይተውታል። በኡጋንዳ ካኑንጉ የነበረ ቡድን ዓለም እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ያበቃል ብሎ ተከታዮቹን ንብረታቸውን አስሸጠ። ቀኑ ሲያልፍ ሰዎቹ መጠየቅና ገንዘባቸውን ማስመለስ ጀመሩ። መጋቢት 8 ቀን 1992 ዓ.ም. በሮቹ በተዘጉበት የጸሎት ቤት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ በ2015 ዓ.ም. ከአራት መቶ በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ፤ ጌታን ለመገናኘት እህል አትቅመሱ ተብለው ነበር። የአሜሪካዊው ዊልያም ሚለር ተከታዮች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ሲጠብቁ አድረው ሲያዝኑ ዕድለኞች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከስብራታቸው መካከል የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ተወልዳ አዲስ አበባ ላይ ዘውዲቱ ሆስፒታልን እስከ ማስተዳደር ደርሳ ነበር። በእኛም አገር ኤልያስ መጥቷል የሚሉ፣ ስለ ንጥቀት ዓመት የሚያሰሉ፣ በየስልኩ የፍጻሜን ቀን የሚያዞሩ አሉ። ለእነዚህ ሁሉ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው መልስ ይበቃል፤ የጌታ ቀን ደርሷል የሚል መልእክት በእኛ ስም እንኳ ቢመጣላችሁ አትናወጡ ብሏቸዋል። በዚያው መልእክት ሥራ ፈትተው የተቀመጡትን ሠርተው እንዲበሉ ያዛል፤ ብዙ ተርጓሚዎችም ሥራ መፍታቱን ከዚሁ የፍጻሜ ጥበቃ ጋር ያያይዙታል።

በትክክል የሚጠብቅ ሰው ምን ይመስላል የሚለኝ ካለ ከሊማሊሞ በታች፣ ከአዲ አርቃይ ወዲያ ያለችውን ዋልድባን አሳየዋለሁ። መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም፤ ከሙዝ በሚያዘጋጁት ቋርፍ ይኖራሉ። በአገሩ «ዋልድባ ላይ ተነገረ» ተብሎ ያልተወራ ትንቢት የለም፤ እኔ ግን ትምህርቱ ያለው በአኗኗራቸው ነው እላለሁ። ገዳሙ ከአባ ሳሙኤል ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት በየዕለቱ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ይተክላል፣ ያጠጣል። ፍጻሜው ነገ ነው ብሎ መትከል አላቆመም፤ ሩቅ ነው ብሎም መጸለይ አላቆመም።

የቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾም እሑዶች አደረጃጀትም እንዲሁ ነው። ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ የተቀበለውን መክሊት ነግዶ ያተረፈው የታማኙ አገልጋይ እሑድ። ስለ ምጽአት በተሰበከ በሳምንቱ ስለ ሥራ ይሰበካል። ይህን ቅደም ተከተል ያወጡ አባቶች የሰውን ልብ ያውቁ ነበር።

አንድ ልመና አለኝ፤ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለጃናሞራ ካህናት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም። በደብረ ዘይት ዕለት በቅዳሴው የሚነበበው የጴጥሮስ መልእክት ከምዕራፍ 3 ቁጥር 7 ይጀምራል። የዘባቾቹ ጥያቄ የተጻፈው ግን ከዚያ በላይ፣ ቁጥር 3ና 4 ላይ ነው፤ ስለዚህ ምእመኑ መልሱን ሰምቶ ጥያቄውን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥርዐቱን አትንኩት። ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ስትዘረጉ ግን እባካችሁ ስብከቱን ከቁጥር 3 ጀምሩት፤ ያ ወጣት ጥያቄው በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ይየው፣ እጁንም ሲያነሣ አስጨርሱት።